ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱባቸው፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ባድር ይፈነዳል ወይ?
ደህና ስልክ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ትራስ ሥር ግን አታድርገው፣ ይግላል።

አንድ አንባቢ ለአባቱ በአማርኛ የሚልከው አጭር መልእክት ሁለትና ሦስት ሆኖ ሒሳብ ይቆርጥብኛል ይላል።
እውነቱን ነው። በላቲን ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ። ግን ቁጥሩ አያስደንግጥህ። «ሰላም» በእኛ 3 ፊደል ነው፣ በላቲን 5። አባትህ የሚያነቡት በፊደል ከሆነ በፊደል ጻፍላቸው።

ውኃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ሩዝ ውስጥ ልክተተው?
ተዪው፣ ብናኙ ይገባበታል። ቶሎ አጥፊውና ነፋስ ያግኘው። ካልሆነ ጠጋኝ ይየው።

አንዲት አንባቢ ገጠር ላሉት እናቷ በየወሩ በቴሌብር ገንዘብ ትልካለች። እናትየው በተን ስልክ ነው ያላቸው፣ ማንበብም አይችሉም። ሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ ነግረውት እሱ ያወጣላቸዋል። «ልጁን ጠርጥሬው አይደለም፣ ግን ደስ አላለኝም። ስማርት ስልክ ልግዛላቸው?»

ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ቴሌብር በ*127# ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በተን ስልክ ደግሞ አንዴ ከተሞላ ቀናት ይቆያል። መብራት በሌለበት አካባቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለወላጆቻችን ስልክ እንገዛለን። ሲቸግራቸው ግን «እስቲ አምጪው» ብለን ከእጃቸው ወስደን እኛው እንነካካለን። ቁጭ ብሎ የሚያሳያቸው የለም። ከዚያ «አይገባቸውም» እንላለን። ገበያ ውለው የሚገቡ እናት ሒሳብ ይጠፋቸዋል? ያጡት የሚያሳያቸው ሰው ነው።

ስትሄጂ መጀመሪያ ሚስጥር ቁጥሩን ቀይሩት። ከዚያ የስልኩን 5 ቁጥር በጣታቸው አስዳብሻቸው፤ ላዩ ላይ ትንሽ እብጠት አለች። ከእሷ በላይ 2፣ ከሥሯ 8፣ በግራዋ 4፣ በቀኟ 6። አዲሱን ቁጥር በዓይን ሳይሆን በጣት ይልመዱት። አክስቴን ያስተማርኳት እንደዚህ ነው፣ ሦስት ቀን ፈጀብን። ቀሪውን ልጁ ቢጫንላቸው ችግር የለውም። ሚስጥር ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ስልኩን ይመልስላቸው። ገንዘብ የሚያወጣላቸው ወኪልም ቢሆን ያንን ቁጥር ሊጠይቃቸው አይገባም። አንቺም በትዕግሥት አሳያቸው፤ ቢሳሳቱ አትቆጪ።

አንድ አባት «ዕጣ ደርሶዎታል» ተብለው ተደውሎላቸው፣ በመልእክት የመጣላቸውን ኮድ ተናግረዋል። ገንዘባቸው ተወስዷል። ለልጆቻቸው መንገር አፍረው ለእኔ ጻፉልኝ።
አባቴ፣ ዛሬውኑ 127 ደውለው ሒሳብዎን ያሳግዱ። ከባንክ ጋር የተያያዘ ከሆነ ባንኩም ይወቅ። የተደወለበትን ቁጥርና መልእክቱን ሳያጠፉ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ። «ትንሽ ብር ናት» ብለው እንዳይተዉት፣ አደራ። ለልጆችዎም ይንገሩ። የተማረውም ያልተማረውም ይታለልበታል፣ የሚያፍረው ሌባው ነው።

ለፋይዳ ምዝገባ ስንት ይከፈላል?
ምዝገባው በነጻ ነው። የሚከፈለው ካርዱ ይታተምልኝ ካልሽ ነው።