ጎርፍ የገባበት የዓሣ ኩሬ፦ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፎገራ ነው። ባለፈው ሳምንት የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ከሩዝ ማሳዬ ዳር ያለችው የቆሮሶ ዓሣ ኩሬዬ ውስጥ ገባ። ብዙው ዓሣ ሄደ። የቀረው ጠዋት ጠዋት አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይታያል፤ የሞተም አለ። ባሕር ዳር ዋጋው ወጥቷል ይሉኛል። ልሽጥ ወይስ ይቆይልኝ?»

መልስ፦ ለገበያ የደረሰውን ይሽጡ፣ ወንድሜ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ። አፉን የሚያወጣው አየር አጥሮት ነው። ጎርፉ ያመጣው ብስባሽ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ብርሃን ስለማይገባ ኦክስጅን የሚሰጡት ጥቃቅን አረንጓዴ እፅዋት ሥራ ያቆማሉ። ሌሊቱን ሲቀንስ አድሮ ንጋት ላይ ይብሳል። ፍግና ፉርሽካ መጨመሩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ንጹሕ የጉድጓድ ውኃ ካለዎት ከፍ አድርገው እያፈሰሱ ይጨምሩ።

የሞተውን አይብሉ፣ አይሽጡ፤ ይቅበሩት። የሩዝ ማሳ መድኃኒት ከጎርፉ ጋር ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ ግን በሕይወት ያለውንም ለገበያ አያውጡ፤ መጀመሪያ የወረዳውን ባለሙያ ያሳዩ።

ሌላው የሚያሳስበኝ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ነው። ከጎርፉ ጋር ሰተት ብሎ ይገባል፤ የቆሮሶ ጫጩት እየለቀመ ይበላል። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ውኃውን ማፍሰስ ብቻውን አያጠፋውም። ስለዚህ አዲስ ጫጩት አሁን አይግዙ። ዝናቡ ሲያባራ ኩሬውን አንጠፍጥፈው መሬቱ እስኪሰነጠቅ ያድርቁ፤ ደለሉን ይዛቁ፤ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ የእርሻ ኖራ በትነው ከዚያ ውኃ ይሙሉ።

ዋጋውን በተመለከተ፦ ጎርፍ ኩሬ ሲያጠፋና መንገድ ሲያበላሽ ገበያ ላይ ዓሣ ያንሳል፤ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ይገባል። ይህን ዋጋ እየጠበቁ ዓሣቸውን ሐምሌን የሚያሻግሩ ገበሬዎች አሉ። የጎርፉ ወር ግን ያው ነሐሴ ነው፤ ዋጋው ሲወጣ የሚሸጡት አያገኙም። በእኔ እምነት ለእርስዎ አካባቢ የሚያዋጣው ዐቢይ ጾም ነው። ጥቅምት ላይ ደህና ያደገ ጫጩት ከጨመሩ የደረሰውን ለጾሙ ያወጣሉ፤ የቀረውን ሰኔ ሳያልቅ ይጨርሱ።

አሁን ደግሞ አንድ ሥራ አለ፣ ሳይውል ሳያድር የሚሠራ። ጎርፉ ዛፍና አጥር ላይ የተወው የጭቃ መስመር በዝናብ ሳይታጠብ በቢላ ምልክት ያድርጉበት። የኩሬው ዳር ከዚያ መስመር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሰርዶ ይትከሉበት፣ ዙሪያውን በጠባብ ዓይን መረብ ይከልሉት። መስመሩ ከጉልበት በላይ ከሆነ ግን በግድቡ አይድከሙ፤ ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጉለት።