የፒያሳው አሮጌ ቤት ወይስ አዲሱ ሳይት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፣ እኔ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የሰባትና የአራት ዓመት ልጆች አሉን፤ ጉልበቷን የሚያማት እናቴም አብራን ትኖራለች። የተከራየነው ቤት ስለተሸጠ በአንድ ወር ልቀቁ ተብለናል። ሁለት ቤት አግኝተናል፣ ኪራያቸው ተቀራራቢ ነው። አንዱ ፒያሳ አካባቢ ያለ የድሮ ቤት ነው። ጣሪያው ዝጓል፣ ክፍሎቹ ጠበብ ይላሉ፣ ግን ግቢ አለው፤ አከራይዋ እማማ ጓሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ሌላው ከተማው ዳር አዲስ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ ሴራሚኩ የሚያበራ። ባለቤቴ አዲሱን ወዶታል። እኔ መወሰን አቃተኝ። እስቲ ይምከሩን።

መልስ፦ እህቴ፣ በቀጥታ ልንገርሽ፣ የፒያሳውን ያዙት። ምክንያቴ ብዙ ነው፣ ከሁሉ በፊት ግን እናትሽ አሉ።

እኔም አዲስ ሳይት ላይ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ትወርድ ነበር። ቆይቶ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ። በኋላ ለሐኪም ብቻ። ሽንኩርትና ጎመን መግዛት ነፍሷ ስለነበር ዘንቢል በገመድ አስራ ከበረንዳ ታወርዳለች፣ ታች ያለችው የጉሊት ሴትዮ ትሞላላታለች፣ ሁለቱ ከላይና ከታች እየተጯጯሁ በዋጋ ይከራከራሉ። ሰው እያየ ይስቅ ነበር። እኔን ግን ያ ገመድ ሆዴን ይበላኝ ነበር። ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ሦስተኛ ፎቅ ማስቀመጥ ደጅ መከልከል ነው።

ወደ ሰፈሮቹ ልምጣ። ሐዋሳ ዝም ብላ መንገድ ዳር የበቀለች ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሜዳ ላይ በፕላን ነው የተቆረቆረችው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነስተሽ በሰፊው ጎዳና ቀጥ ብለሽ ብትሄጂ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ትደርሻለሽ። የድሮዎቹ ሰፈሮች ሲሸነሸኑ ለየቤቱ ግቢ ተተወለት። ዛሬ ጥላ የሚሆነን አቮካዶና ማንጎ ያኔ በተተወው ቦታ የበቀለ ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ደግሞ ልጅ በሳይክል፣ አሮጊት በእግሯ፣ ገበያም ጸሎት ቤትም ትደርሳለች።

አዲሶቹ ሳይቶችም በፕላን ነው የተሠሩት፣ አልክድም። ችግሩ ቤቱ ይቀድምና ሌላው ሁሉ "ይመጣል" ይባላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ከየአካባቢው ብዙ ወጣት፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ለሥራ መጡ። ኪራይ ናረ፣ ከተማውም ወደ ዳር ተለጠጠ። እኔ የነበርኩበት ሳይት ስንገባ ለልጆች መጫወቻ ብለው ባዶ ቦታ አሳይተውን ነበር። በሁለተኛው ዓመት የኮንቴነር ሱቅ ተደረደረበት። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገቡ። ትምህርት ቤት በባጃጅ፣ ዳቦ በባጃጅ፣ ክሊኒክ በባጃጅ። ኪራያቸው ተቀራራቢ ነው ስትይ የባጃጁን ሒሳብ ደምረሽበታል? ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱን ጉዞ ወረቀት ላይ ጻፊና በአራት አባዢው። ያን ወረቀት ለባለቤትሽ አሳዪው።

ባለቤትሽ ግን ዝም ብሎ በሴራሚክ አልተሸነፈም። ሽንት ቤቱ እቤት ውስጥ ነው፣ ቆጣሪው የራሳችሁ ነው፣ በዝናብ ሌሊት ባልዲ ስር አትተኙም። በድሮ ቤት ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም፣ ምጣድ በተጣደ ቁጥር መብራት ጠፍቶ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኳረፍ አይቻለሁ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላም መጣጭ መኪና እስኪመጣ ያለው ቀን ያስመርራል። ስለዚህ እማማን ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፤ ጉድጓዱ መቼ ተመጠጠ፣ ቆጣሪው የስንት ሰው ነው?

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልንገርሽ፣ ውሃውን። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን የጉድጓድ ውሃችን በየቦታው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ሲበረታም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር አይለፍ ይላል። የሚጎዳው ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ስለሆነ የአንቺ ልጆች ልክ በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ማፍላትም አይረዳም። ውሃው ተኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር እንዲያውም ይብሳል። አዲሱ ሳይት የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ከሆነ የላቦራቶሪ ውጤቱን አሳዩኝ በይ። አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ፣ ወረቀቱን ታነቢዋለሽ። የፒያሳው ቤትም ከከተማው መስመር ነው ወይስ ከጉድጓድ፣ እሱንም እወቂ።

ሕንፃው ኮሚቴ እንዳለውም ጠይቂ። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ የሆነውን፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውን፣ ግቢውን እንዲያስተዳድር ያዛል፣ ባለቤቶችም መዋጮ ይከፍላሉ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ሲኖሩ ግን ስብሰባ የሚመጣ የለም፣ የሚከፍልም የለም። እኛ ጋ የውሃ መሳቢያው ተቃጥሎ ለማሠሪያ ብር እስኪዋጣ ሁለት ወር ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ ወጥተናል። ልታይው ስትሄጂ የደረጃው አምፖል ይበራ እንደሆነ ተመልከቺ። እሱ ካልበራ ኮሚቴው የለም ማለት ነው።

ለቅሶው፣ ቡናው፣ የበዓል በጉ አለ ደግሞ። እኛ ሳይት ላይ ድንኳን የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር። ያም ሆኖ ጎረቤቶቼ ደጎች ነበሩ፣ እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። ቦታው ነው የጠበበን።

ባለቤትሽ "አዲሱ ይሻላል" ብሎ ከጸና፣ ምድር ቤት የሚከራይ እስኪገኝ ጠብቁ። ከምድር በላይ አትቀበሉ። ሁለቱንም ቤቶች ደግሞ አንዴ ዝናብ እንዳባራ፣ አንዴ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩ። ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ውሃው ቶሎ አይሄድለትም። ማታ ደግሞ ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል ወይስ አስፋልቱ ላይ አውርዷችሁ ይመለሳል፣ መንገዱስ መብራት አለው? አንቺ ከመድኃኒት ቤት አምሽተሽ የምትመለሺበት መንገድ ነው።

የፒያሳውን ከመረጣችሁ ቆርቆሮውን ማን እንደሚቀይር ውሉ ላይ አጽፉት። እማማ አሁን እጃቸው ላይ ብር ከሌለ እናንተ ቀይሩትና ከኪራይ ይታሰብ፤ ስንት ወር እንደሚታሰብም በቁጥር ይጻፍ። ለእናትሽ ከደጃፉ እስከ ሽንት ቤቱ የሚይዙት ብረት አስገጥሙላቸው። ለአንድ ብየዳ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።