ቋጠሮው ሳይመጣ ገመዱ ይጥበቅ

ለጀማሪ አትክልተኞች፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ የጃፓኖቹን የገመድ አስተሳሰር ለመማር ስንት ዓይነት ቋጠሮ ማወቅ አለብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ይበቃሻል አልኳት። ቅር ሳይላት አልቀረም። የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ ሃያ ቋጠሮ አስቀምጠዋል፤ እጃቸው ግን አንዱንም አያውቀውም። ይህ ስለሚቆጨኝ ነው የምጽፍላችሁ።

በጃፓን የአትክልት ቦታዎች፣ በተለይ በሻይ ሥነ ሥርዓት ግቢዎች፣ ዮትሱሜ ጋኪ የሚባል የቀርከሃ አጥር አለ። ቋሚውና ማገሩ ሲተላለፉ በመካከላቸው አራት ማዕዘን ክፍተት ይተዋሉ፤ መጋጠሚያቸው የሚታሰረው ኦቶኮ ሙሱቢ በሚባል ቋጠሮ ነው። እሱን ከያዛችሁ አጥር ትሠራላችሁ።

ገመዱ ሹሮ ናዋ ይባላል፤ ከዘንባባ ግንድ ላይ ከሚገፈፍ ቃጫ የሚገመድ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሲባጎ ነው። ጥቁር የተነከረም፣ በተፈጥሮ ቡናማነቱ የተተወም አለ። ደረቁን አትጀምሩት፤ ይሻክራል፣ አልታጠፍ ይላል፣ ጭረቱም እየተነቀለ ይወጣል። ለጥቂት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አራግፉት። የጠፍር አልጋ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፦ እርጥብ ሆኖ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ይከረራል። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፋችሁት አትደሩ እንጂ፤ ቀለሙን ይለቃል። ጥቁሩ ጣትም ልብስም ያጠቁራል። ሹሮ ካጣችሁ የእኛው የቃጫ ሲባጎ ለልምምድ ይሆናል። ፕላስቲኩ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፣ ግን ስለሚያሟልጭ ለተማሪ አልመክረውም።

አሁን ወደ እጃችሁ። 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቀርከሃ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቁረጡና እኩል እጠፉት፤ ሥራው በድርብ ገመድ ነው። ቋሚው ከማገሩ ፊት ቆሟል እንበል። ከታች በግራ ጀምራችሁ ገመዱን በመጋጠሚያው ላይ በሰያፍ ወደ ላይ ቀኝ ውሰዱት። ከማገሩ ጀርባ ወደ ታች አውርዱት፤ በታች በቀኝ በኩል ወደ ፊት አውጥታችሁ፣ የመጀመሪያውን እያቋረጠ ወደ ላይ ግራ ይሂድ። እንደገና ከማገሩ ጀርባ ወደ ታች። ከፊት መስቀልኛ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ትይዩ መስመር ካያችሁ ትክክል ነው። ድርቡ ገመድ ጎን ለጎን ተኝቶ ይሂድ፤ አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ በኋላ የላይኛው ይጠብቃል፣ የታችኛው ላልቶ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቁሙ። ሁለቱን ጫፎች እስኪበቃ ሳቡ፤ ማገሩን ያዝ አድርጋችሁ ቋሚውን በሌላው እጅ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ገና ነው። ጀማሪው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ላላ አድርጎ ይጠመጥምና ቋጠሮው ያጠብቅልኛል ብሎ ይጠብቃል። አያጠብቅለትም። ቋጠሮ ያገኘውን ጥብቀት ይጠብቃል እንጂ አይጨምርም።

ጠበቀ? መገናኛውን በግራ አውራ ጣት ተጭናችሁ ያዙ። የቀኙን ጫፍ በግራው ሥር አሳልፉና መልሳችሁ አዙሩት፤ ቀለበት ይሠራል። የግራውን ጫፍ በዚያ ቀለበት ውስጥ አስገቡ። ቀለበቱን አጥብቡ፣ ግራውን ሳቡ፣ አውራ ጣታችሁን መጨረሻ ላይ አንሱ። ጣቱ ቀድሞ ከተነሣ ያከረራችሁት ሁሉ ተመልሶ ይላላል። የተረፈውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ግጥም አድርጎ መቁረጥ ያምራል ብላችሁ ሾልኮ እንዳይፈታ።

በቪዲዮ ለምትማሩ አንድ ነገር፦ አንዳንዱ ራሱን በፊት ካሜራ የሚቀርጽ ሰው ምስሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ ይወጣል። እሱን ከተከተላችሁ በግራ የሚጀምረውን፣ ኦና ሙሱቢ የሚባለውን ተገላቢጦሹን ቋጠሮ ትሠራላችሁ። ይይዛል፣ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ግማሹ አጥር ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ሲያይ ከሩቅ ያስታውቃል።

ስለ ቀርከሃው ብዙ አልልም። በጃፓኖቹ መጸውና ክረምት፣ በቅዝቃዜው ወራት፣ የተቆረጠ ይሁን፤ በሌላ ጊዜ የተቆረጠው ቶሎ ይነቅዛል። የቋሚውን አናት ልክ ከአንጓው በላይ ቁረጡት፤ ከአንጓው ርቆ ከተቆረጠ ዝናብ ይጠራቀምበትና ይበሰብሳል። ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ብሱት፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። የማገሮቹን ወፍራምና ቀጭን ጫፍ እያቀያየራችሁ ዘርጉ።

አጥብቁ እያልኩ በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ያለውን የኬንሮኩኤን የአትክልት ቦታ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እዚያ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ዩኪትሱሪ የሚባለው፣ ቅርንጫፍን ከበረዶ ክብደት በገመድ የመደገፍ ሥራ ይጀመራል። የአካባቢው በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ የጥድ ቅርንጫፍ ይገነጥላል፤ ስለዚህ ከዛፉ መሐል ምሰሶ ያቆሙና ከአናቱ የገለባ ገመድ ወደየቅርንጫፉ ይዘረጋሉ። ካራሳኪ የተባለው ጥድ ብቻ 5 ምሰሶና 800 ገደማ ገመድ ይወስዳል። በማርች አጋማሽ መፍታት ይጀመራል። እዚህ የእኔ «አጥብቁ» አይሠራም፦ ገመዱ ቅርንጫፉን ይደግፋል እንጂ ወደ ላይ አይጎትትም፤ ሕያው ነገር ላይ አስከርራችሁ ብታስሩ ልጡን ይበላዋል። አንድ ቋጠሮ ይበቃል ያልኩትም ለአጥር ነው፤ ለዛፍ ሥራ ሌላም ትማራላችሁ።

ቀርከሃ የሌላችሁ ደግሞ ቡጢ የሚያክል ክብ ድንጋይ ፈልጉ። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ድንጋይ በጥቁር ገመድ መስቀልኛ አስረው በመንገዱ መርገጫ ድንጋይ ላይ ያኖሩታል፤ ሴኪሞሪ ኢሺ ይሉታል፣ «በዚህ አይታለፍም» ማለት ነው። ድንጋይ ማዕዘን ስለሌለው ላላ ያለ ገመድ ወዲያው ይንሸራተታል። ባሰራችሁት ገመድ አንጠልጥላችሁ ወዝውዙት፤ ከወደቀ ፈታችሁ፣ ገመዱን መልሳችሁ አርጥባችሁ፣ ከጥምጠማው ጀምሩ።