ሁሉንም «ደረቀ» ብሎ ማለፍ የሚያስቀረው ነገር

እህቴ፣ ጥያቄሽ እኔንም ለዓመታት ያስቸገረኝ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ‹ድራይ›፣ ‹ዊልት›፣ ‹ዊዘር›፣ ‹ሽሪቭል›፣ ‹ዲሃይድሬት› እና ‹ዴሲኬት› የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት መዝገበ ቃላትሽ በሙሉ «ደረቀ» ብሎ ፈቷቸዋል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሁልጊዜ ‹ድራይ› ብል ይበቃኛል ወይ? ብለሻል። «ቆዳዬ ደርቋል» ለማለት ‹ማይ ስኪን ኢዝ ድራይድ› ብለሽ ጽፈሽ እንደተሳቀብሽም ነግረሽናል። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በ‹ድራይ› ብቻ መግባባት ይቻላል። ግን አንባቢው ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር ይቀርበታል። እኔ ይሄ የገባኝ ትርጉም ስሠራ ነው። ስለ ቤት ውስጥ ተክል አያያዝ የሚያወራ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነበር። «ቅጠሉ ሲጠወልግ ውሃ አጠጡት፤ ቀና ይላል» ይላል። እኔ «ጠወለገ»ን ‹ዊዘር› አልኩት። አራሚዋ ቃሉን አስምራበት መለሰችልኝ። «ይሄ ቅጠል እኮ ሞቷል፤ ውሃው ምን ያደርግለታል?» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። ልክ ነበረች። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ‹ዊልት› ነው።

ልዩነቱን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። ውሃ የጠጣ ቅጠል ህዋሳቱ እንደተነፋ ኳስ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ውሃ ግድግዳቸውን ይገፋል፤ ቅጠሉ ቀጥ የሚለው በዚያ ግፊት ነው። ውሃው ሲጎድል ግፊቱ ይቀንስና ቅጠሉ ይዝለፈለፋል። ቢሆንም ገና አረንጓዴ ነው፤ ብታጥፊው አይሰበርም። ውሃ ሲያገኝ ይመለሳል። ‹ዊልት› ማለት ይሄ ነው። ‹ዊዘር› የሚባለው ግን ቀለሙ ጠፍቶ፣ ተኮማትሮ፣ በጣትሽ ስታሺው የሚፈረፈረው ነው። አማርኛችንም ይለያቸዋል፤ የመጀመሪያው ጠወለገ፣ ሁለተኛው ከሰመ። ስህተቱ እንግሊዝኛ ካለማወቄ ብቻ አልነበረም፤ የራሴን ቋንቋ በደንብ አላዳመጥኩትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የመድረቅ ቃል ሲገጥመኝ መጀመሪያ አማርኛው ምን እንደሚለው አያለሁ። ከዚያ ራሴን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ውሃው በምን መንገድ ሄደ? ቢመለስስ ነገሩ እንደ ድሮው ይሆናል? አብዛኛው ቃል በዚህ ይለያል።

ለምሳሌ ሳህን አጥበሽ ስትደረድሪ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ሳህኑ ጠፈፍ ይላል። ይሄ ‹ድሬይን› ነው፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ሄደ። ከዋና ወጥተሽ ሰውነትሽን በፎጣ ስታደርቂ ‹ድራይ ኦፍ› ነው፤ ውሃው ላይ ላዩን ብቻ ስለነበር። አፈር ወይም ቆዳ ውስጡ የያዘውን እርጥበት ሲያጣ ደግሞ ‹ድራይ አውት› ይባላል። ምንጭ ሲነጥፍ ‹ድራይ አፕ› ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገርም መመሳሰል አላቸው። እኛ ምንጭም፣ ገንዘብም፣ የላም ወተትም ነጠፈ እንላለን። እንግሊዝኛም ምንጩንና ገንዘቡን በ‹ድራይ አፕ› ይገልጻል፤ ወተት ያቆመችን ላምም ‹ድራይ ካው› ይላታል። ስለዚህ «ነጠፈ» ሊባል የሚችል ነገር ካለ ሳታመነቺ ‹ድራይ አፕ› በይ።

‹ሽሪቭል› የሚያየው መልክን ነው። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ፖም አስቢ። ውስጡ ውሃ እያጣ ይቀንሳል፤ ልጣጩ ግን ያው ነው። የሚሄድበት ስለሌለው ይጨማደዳል። መጠኑ አንሶ ፊቱ ሲጨማደድ ነው ‹ሽሪቭል› የሚባለው። ልብስ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ካልተጨማደደና ካላነሰ ግን ይሄ ቃል አይሆነውም። (በነገራችን ላይ ውሃ ውስጥ ስትቆዪ ጣትሽ የሚጨማደደው ውሃ አጥቶ አይደለም። ነርቮች የጣትን የደም ሥሮች ስለሚያጠብቡ ነው። ነርቩ የተጎዳ ጣት ውሃ ውስጥ ቢቆይም አይጨማደድም።)

‹ዲሃይድሬት› እና ‹ዴሲኬት› ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የመጀመሪያው ውስጡ ውሃ የሚለውን የግሪክ ቃል ይዟል። ለሰው አካል የምንጠቀመው ይሄንን ነው። ተቅማጥና ትውከት የበረታበት ሰው ‹ዲሃይድሬትድ› ይሆናል፤ ፈሳሽ ሲተካለት ያገግማል። ‹ዴሲኬት› ከላቲን ነው፤ «ደረቅ» ከሚለው ቃል የመጣ። የሚናገረው እርጥበቱ ተሟጦ ስለወጣ ነገር ነው። የጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኚያት «አትብሉ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? ውስጧ ያሉት ፍሬዎች ሲሊካ ጄል ይባላሉ። የአየሩን እርጥበት ጥቃቅን ቀዳዳዎቻቸው ውስጥ እየያዙ ያስቀራሉ። የእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስም ‹ዴሲካንት› ነው፤ ቃሉን ከከረጢቷ ጋር ካያያዝሽው አትረሺውም። ስትጽፊው አንድ ‹ኤስ› እና ሁለት ‹ሲ› ነው። እንግሊዞቹም ራሳቸው ይሳሳቱበታል።

‹ፓርች› በፊት እህል መቁላት ማለት ነበር። ሙቀቱ ዛሬም ውስጡ አለ፤ ፀሐይ የቆላው መሬት ‹ፓርችድ› ነው። በጣም የጠማው ሰውም ‹አይ አም ፓርችድ› ይላል። ‹ኢቫፖሬት› ላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ ልብሱ አይደለም። ልብሱ ‹ኢቫፖሬት› አደረገ ካልሽ ልብሱ ራሱ እንደ ጉም በነነ ማለት ነው። ተስፋ ሲበንን ግን ቃሉ በትክክል ይሠራል።

ከ‹ድራይ› ጋር ዘመዳሞች የሆኑ ቃላትም አሉ። ‹ድሬይን›ም፣ ድርቅ የሚባለው ‹ድራውት›ም ከአንድ የጥንት የጀርማኒክ (እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ያሉበት የቋንቋ ቤተሰብ) ሥር የመጡ ናቸው። ‹ድራውት›ን ከአጻጻፉ ተነስተሽ «ድሮት» እንዳትዪው፤ ከ‹አውት› ጋር ነው የሚገጥመው።

አሁን ወደ ቆዳሽ። ‹ድራይ› ደረቅ ነው፤ ‹ድራይድ› ደግሞ በፊት እርጥብ የነበረ፣ የማድረቅ ሥራ ተሠርቶበት የደረቀ ነው። ደረቅ ቆዳ ‹ድራይ ስኪን› ነው። መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ የቆየ አበባ ‹ድራይድ ፍላወር› ነው። ‹ማይ ስኪን ኢዝ ድራይድ› ስትዪ ሰሚው ተገፎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ነው የሚታየው። የሳቁብሽ ለዚህ ይመስለኛል፤ አማርኛችን «ደርቋል» ስለሚል መሳሳትሽ ግን የሚጠበቅ ነው። ‹ማይ ስኪን ኢዝ ድራይ› በይ። ሰሞኑን የመጣ ከሆነ ደግሞ ‹ማይ ስኪን ሃዝ ድራይድ አውት› በይ፤ «ደርቋል» ለሚለው የሚቀርበው እሱ ነው።