ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሲሚንቶ ተሸክሜ ፎቅ ስወጣ ቅልጥሜን ያመኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 22 ነው። ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ከጀመርኩ አንድ ወር አልፎኛል፤ ሲሚንቶ ተሸክሜ እስከ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ የቀኝ እግሬን ቅልጥም ያመኛል፤ አሁን አሁን ማታ ተኝቼም ይጠዘጥዘኛል። ጓደኞቼ “ይለመዳል፣ ቻለው” ስላሉኝ ዲክሎፌናክ እየዋጥኩ እሠራለሁ። ሸክም አጥንት ይጎዳል? ጉልበቴስ ያለ ዕድሜው ያረጅ ይሆን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ቁጭ ብለው የሚያምዎትን ቅልጥም በአንድ ጣት ጫፍ እየተጫኑ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። ሕመሙ በአጥንቱ ርዝመት የተሰራጨ ከሆነ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ሊሆን ይችላል። የሳንቲም ስፋት ያላት አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚያስጮኽዎት ከሆነ ግን የምጠረጥረው የአጥንት ስንጥቅ ነው፤ የሌሊቱ ጥዝጣዜም ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። ሸክሙን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ።

አጥንት ሕያው አካል ነው። ጫና ሲበዛበት ራሱን ያጠነክራል፤ ይሁንና አስቀድሞ የደከመውን ክፍል ሸርሽሮ ያስወግዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው በአዲስ የሚተካው። መሸርሸሩ በሳምንታት ያልቃል፣ መተካቱ ግን ወራት ይፈጃል። በዚህ መካከል አጥንቱ ከቀድሞው የሳሳ ነው። ጡንቻዎ በጥቂት ሳምንት ሸክሙን ይለምድና “በረታሁ” ያሰኝዎታል፤ አጥንትዎ ግን ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። ጓደኞችዎ “ይለመዳል” ማለታቸው እውነትነት አለው፤ የሚለመደው ግን ቀስ በቀስ ሲጨመርና በመሀል ዕረፍት ሲኖር ነው። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም በ1855 እ.ኤ.አ. ረጅም ጉዞ የተጓዙ ወታደሮች እግር እያበጠ እንደሚያማቸው ጽፎ ነበር። ራጅ ከተገኘ በኋላ ችግሩ የአጥንት ስንጥቅ መሆኑ ታወቀ። ዛሬም በየአገሩ አዲስ ምልምሎችን ያጠቃል።

ወደ ጉልበትዎ ስንመጣ፣ በሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበታችን በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ክብደት ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ጫና ያርፍበታል፤ ደረጃ ስንወርድ ከሦስት እጥፍም ያልፋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሲጨምርበት ስሌቱ ከ110 ይነሳል። ጤነኛ ጉልበት ይህን ለጊዜው ይችላል። ለዓመታት ከባድ ዕቃ የሚያነሱና አዘውትረው የሚንበረከኩ ሰዎች ግን የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ልም አጥንት ቶሎ ያልቅባቸዋል። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም መሀል መንገድ ላይ ተቆልፎ አልታጠፍ ካለ ለሐኪም ይንገሩ።

የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም አይዘናጉ፤ ስንጥቁ በራጅ ላይ ለመታየት ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል። አብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከሸክም ዕረፍት ሲያገኝ ይድናል። በቅልጥሙ ፊት ለፊት ያለው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ካልታከመ አጥንቱ ጨርሶ ሊሰበር ይችላል። ወጌሻ እንዲያሸው አይፍቀዱ። ዲክሎፌናኩም ሕመሙን ሸፍኖ በተሰነጠቀ አጥንት ላይ እንዲሸከሙ ያደርግዎታል፣ ጨጓራንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ማስታገሻ ለመውሰድ ከተገደዱ ፓራሲታሞል ይሻላል።

በቀን ገቢ ለሚኖር ሰው “ዕረፍት ያድርጉ” ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ፎርማንዎን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ይጠይቁ፤ ብረት ማሰር ላይ የሚረዳ ሰው ሊፈልግ ይችላል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ከ55 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ብሏል፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወደዚያው የተጠጋ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ደረጃ እየወጡ።

ሲራመዱ ሳያምዎት፣ ያቺን ቦታ ሲጫኗትም ምንም ሳይሰማዎት ሲቀር ሐኪሙን አማክረው ወደ ሸክም ይመለሱ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በግማሽ ከረጢት ወይም ከሌላ ሰው ጋር በባሬላ ይሥሩ፤ ሕመሙ ከተመለሰ በዚያው ቀን ያቁሙ።