ከርነሉ ይቆይ፣ ስፋቱን አሳዩኝ

ሰሞኑን ፔዳ ግቢ የምትማር አንዲት ልጅ ጥያቄ ላከችልኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነው። «ጋሼ፣ ለዓሣው ርዝመት የጋውስን ከርነል ልጠቀም ወይስ የኤፓኔችኒኮቭን? አማካሪዬ መርጠሽ ምክንያትሽን ጻፊ ብለውኛል» ትላለች። ከርነል ማለት ልኬቶችን ወደ ለስላሳ መስመር ለመቀየር በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የሚቀመጥ የጉብታ ቅርጽ ነው፤ የጋውስ የደወል ቅርጽ ያለው ነው።

የፈለግሽውን ተጠቀሚ አልኳት። ኤፓኔችኒኮቭ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ከርነል በሒሳብ ሲታይ ስህተቱ ከሁሉም ያነሰ ነው። የጋውስ ግን ከእሱ ብዙ አይርቅም፤ ብቃቱ 95 በመቶ አካባቢ ነው። ጠፍጣፋው፣ ማለትም በመስኮቱ (በጉብታው ስፋት) ውስጥ ላለው ሁሉ እኩል ክብደት የሚሰጠው እንኳ 93 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ልዩነት እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

መልሱን ልኬላት ስጨርስ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ተነሣብኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷም ለእናንተም ነው።

አሠራሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። በእያንዳንዱ ልኬት ላይ ትንሽ ጉብታ ታስቀምጣላችሁ። ጉብታዎቹን ደምራችሁ ለልኬቶቹ ብዛት ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ለስላሳ መስመር መረጃው የት የት እንደተከማቸ ያሳያል። ሮዘንብላት በ1956፣ ፓርዘን ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሐሳብ ነው። የጉብታው ቅርጽ ከርነሉ ነው፤ ስፋቱ ባንድዊድዝ ይባላል። ነገሩ ሁሉ ያለው ስፋቱ ላይ ነው።

ወጣት ሳለሁ ጣና ዳር ዓሣ የመለካት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራችን የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ታንኳ የሚቀዝፉትም ትንሽ ዘግየት ብለው ይደርሳሉ። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳዎቹን ከዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሟቸዋል። ያ ሽታ፣ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ቀረሶ ለብቻ፣ አምባዛ ለብቻ፣ ነጭ ዓሣ ለብቻ ይደረደራል። እኛ እያንዳንዱን ሰሌዳ ላይ አጋድመን በሚሊሜትር እንለካለን። አንዱ ይለካል፣ ሌላው በእርሳስ ይጽፋል። ወረቀቱ ይርሳል፣ ቅርፊት ይለጠፍበታል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ስንለካ አጠገባችን ቁጭ ብለው ያዩናል። አንድ ቀን «ልጄ፣ ምን ትለካለህ? ነጩ ዓሣ እኮ ሁለት ነው። ትንሹ ራሱን ችሎ ነው፣ ትልቁም ራሱን ችሎ ነው። መሐሉ ሳስቷል» አሉኝ። ሰማኋቸው። ለአለቃዬም ነገርኩት።

ሪፖርቱ ሲወጣ ሂስቶግራሙ፣ ማለትም በየክፍሉ ስንት ዓሣ እንዳለ የሚያሳየው የዓምድ ግራፍ፣ በ10 ሳንቲሜትር በ10 ሳንቲሜትር ተከፋፍሎ ነበር። አንድ ሰፊ ጉብታ ብቻ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ «ቁጥሩ ሠንጠረዥ ላይ ገብቷል» ብሎ የመስክ ወረቀቶቹን አስወገዳቸው። ከዓመታት በኋላ ስለ ከርነል በደንብ ስማር መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቶቹን ልፈልግ ሄድኩ። የሉም። በ10 ሳንቲሜትር ክፍል ውስጥ የገባ ዓሣ ተመልሶ ሚሊሜትር አይሆንም። ሽማግሌው ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ይህ ያንገበግበኛል።

ሁለት ጉብታ ቢገኝ እንኳ ትርጉሙ ቀላል አልነበረም። መረብ መጠን ይመርጣል። አጥማጆቹ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ያለው መረብ ቢጠቀሙ ሁለቱ ጉብታዎች የመረቡ እንጂ የሐይቁ አይደሉም። «ነጭ ዓሣ» የምንለውም አንድ ዝርያ አይደለም፤ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች አሉበት። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ የሚጠመዱትም በብዛት ወንዙ አፍ ላይ ነው። ከርነል ይህን አይነግራችሁም። ይህን የሚነግራችሁ ውሃው ዳር የሚውል ሰው ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ። እኛ ሳምንት የሚፈጅብንን እናንተ በአንድ መስመር ኮድ ትጨርሱታላችሁ፤ ደስ ይለኛል። የማልወደው ኮዱ ያወጣውን መስመር ሳትጠይቁ መለጠፋችሁን ነው። ስፋቱን ማን መረጠው? አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ምንም ካላዘዛችሁት ስፋቱን በሲልቨርማን ደንብ ይመርጣል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሳይፓይ የተባለው የኮድ ስብስብ የስኮትን ደንብ ይወስዳል። ሁለቱም መረጃው ወደ ኖርማል ዲስትሪቢውሽን፣ ማለትም አንድ ጉብታ ወዳለው የደወል ቅርጽ፣ የቀረበ ነው ብለው ይነሣሉ። መረጃችሁ ሁለት ጉብታ ካለው መበተኑ ይሰፋል፤ መበተኑ ሲሰፋ ደንቡ ሰፊ መስኮት ይመርጣል፤ ሰፊው መስኮት ሁለቱን ጉብታዎች አንድ ያደርጋቸዋል። ያው የ10 ሳንቲሜትሩ ነገር ነው። የአር ሰነድ ራሱ ያ ደንብ የቀረው በቆየ ልማድ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል፤ ስፋቱን በሌላ መንገድ የሚመርጠውን የሸዘርና ጆንስን ዘዴ ሞክሩ ይላል። ሞክሩት። ከዚያ ስፋቱን ግማሽም እጥፍም አድርጋችሁ ሦስቱን መስመሮች ጎን ለጎን እዩ። አንድ መስመር ብቻ የያዘ ጽሑፍ ሳይ አላምነውም።

መስኮቱን በጣም ማጥበብም አያዋጣም። እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ ጫፍ ያወጣል፤ ቁም ነገሩ በግርግሩ ይጠፋል። ተስማሚው ስፋት የሚጠበው በልኬቶቹ ብዛት አምስተኛ ሥር ነው። ስፋቱን በግማሽ ለመቀነስ 32 እጥፍ መረጃ ያስፈልጋል። ሌሊት ተነሥቶ ዓሣ ለለካ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የፈለግሽውን ከርነል ተጠቀሚ ያልኩትን ደግሞ ትንሽ ላስተካክል። መረጃው ሊያልፈው የማይችል ድንበር ላይ ምርጫው ለውጥ ያመጣል። የባሕር ዳርን የቀን ዝናብ ውሰዱ። ከዜሮ በታች ዝናብ የለም። የጋውስ ጉብታ ግን ዜሮ አጠገብ ስታስቀምጡት ግማሹ ወደ ማይኖረው ዝናብ ይፈስሳል። ስለዚህ ዜሮ የሆኑትን የበጋ ቀናት ለብቻ ቁጠሩ፤ ለቀሩት ደግሞ ያፈሰሰውን ወደ ውስጥ መልሱት፣ ወይም ለድንበር የተሠራ ከርነል ተጠቀሙ። ይህን ሳያደርጉ ግራፍ የሚያቀርቡ ትልልቅ ሰዎችም አይቻለሁ።

መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ ከጠየቃችሁ ሠንጠረዡን ስጡ። ዋናውን ፋይል ግን እንዳለ አስቀምጡ፤ ሁለት ቦታ። በየመስመሩ አንድ ዓሣ ይሁን፤ ርዝመቱ በሚሊሜትር፣ ዝርያው፣ ቀኑ፣ የተያዘበት ቦታ፣ የመረቡ ቀዳዳ ስፋት። አጥማጁ የተናገረው ካለም በራሱ ቃል ጻፉት።