የሰፈር መናፈሻ በመዋጮ፦ ገንዘቡ በማን እጅ፣ መሬቱ በማን ስም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። በሰፈራችን ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ባዶ ቦታ አለ። የእድራችን አባላት ተሰባስበን ቦታውን አጽድተን ትንሽ መናፈሻ ልናደርገው ተስማምተናል። ለልጆች መጫወቻ፣ ለአረጋውያን ደግሞ ጥላና መቀመጫ ይኖረዋል። ክረምት ላይም ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርትና ስፖርት ልናዘጋጅ አስበናል። ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ መርጠናል፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። እስካሁን ወደ 600 ሺህ ብር ተዋጥቷል። ገንዘቡ ያለው በገንዘብ ያዣችን የግል አካውንት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር የሰፈራችን ልጅም ከጓደኞቹ ዶላር አሰባስቦ ሊልክልን ነው። አንድ ነጋዴ ደግሞ “ግማሹን ወጪ እኔ ልሸፍን፤ በምላሹ መናፈሻው ውስጥ ቡና መሸጫ ልክፈት፣ ግብርም ይቀነስልኝ” ብለዋል። ወረዳው “ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በርቱ” ብሎናል፤ በጽሑፍ ግን ምንም አልያዝንም። አንዳንድ ሱቆች አናዋጣም ስላሉ ኮሚቴው በወረዳው በኩል ሊያስጠራቸው እያሰበ ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ

እህቴ፣ የጀመራችሁት ሥራ በጣም ደስ ይላል። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወቱ እያየ ልቡ የማይሰቀል ወላጅ የለም። ስለዚህ ሥራው ተሳክቶ እንዲቆም የምፈልገውን ያህል በግልጽ ልንገርዎ፦ ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል። ገንዘቡ ቀድሞ፣ ወረቀቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። አሁንም ግን አልረፈደም። አንድም ሲሚንቶ ሳይገዛ ማስተካከል ይቻላል።

ከመሬቱ እንጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ የለም። ለዓይን ባዶ ቢመስልም ፕላኑ ላይ አንድ ነገር ተብሎ ተቀምጧል። አረንጓዴ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ እሰየው። መንገድ ሊያልፍበት የታሰበ፣ የወንዝ ዳር ወይም ለሊዝ ጨረታ የተያዘ ሊሆንም ይችላል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ማንኛውም ልማት ከፕላኑ ጋር መስማማት አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። የኃላፊ የቃል ማበረታቻ ኃላፊው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

ቦታው የኮንዶሚኒየም ግቢ አካል ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያኔ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው፤ ውሳኔውም የማኅበሩ ነው። እድሩ ብቻውን ሊወስንበት አይችልም። ከእድሩ አባላት አብዛኞቹ እዚያው የሚኖሩ ቢሆኑ እንኳ እድሩና የባለቤቶች ማኅበሩ ሁለት የተለያዩ አካላት ናቸው።

ቦታው የመንግሥት ከሆነና ለአረንጓዴ ልማት የተያዘ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት ይዞታ ሳይሆን ስምምነት ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የዋለ የመንግሥት ንብረት አይሸጥም፣ በይርጋም (ለረጅም ጊዜ በመያዝ ብቻ) የግል አይሆንም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1454 እና 1455 ይህንኑ ይላሉ። ስለዚህ ሃያ ዓመት ብትንከባከቡትም የእናንተ አይሆንም። በዚህ ማንም ቅር ሊለው አይገባም፤ ሌላ ሰው አጥሮ እንዳይወስደው የሚከለክለውም ይኸው ሕግ ነውና።

ስምምነቱን የምትፈርሙት ከክፍለ ከተማው ጋር ነው። አረንጓዴ ልማቱን የሚመራው ጽሕፈት ቤት ይመለከተዋል። ሦስት ነገር ግን ሳይጻፍ እንዳትፈርሙ። አንደኛው፣ መናፈሻው ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት መሆኑ። ገንዘብ ያዋጣው ያላዋጣውን እንዳይከለክል ከአሁኑ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ቦታው ነገ ለመንገድ ወይም ለኮሪደር ልማት ቢፈለግ ምን እንደሚሆን። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ እናንተ ደግሞ ባለይዞታ አይደላችሁም። ስለዚህ ዥዋዥዌው፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ የውኃ ታንከሩ፣ ማለትም ተነቅሎ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ወደ ሌላ የሕዝብ ቦታ እንዲዛወር ወይም ለእድሩ እንዲመለስ በግልጽ ይስፈር። ከብረት ይልቅ በብሎኬት የተሠራ መቀመጫ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሲፈርስ ፈረሰ ነው። ይህንንም ስትገዙ አስቡበት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ የውኃ ቆጣሪው በማን ስም ይገባል? ሳቅ እንዳይልዎ። ብዙ የሰፈር መናፈሻ የሚደርቀው ለግንባታ ገንዘብ አጥቶ አይደለም። ግንባታ ጊዜ ሁሉም ያዋጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ጥብጣብ ይቆረጣል። ከዚያ ችግኙን ማን ያጠጣው? ቆጣሪው በአንድ ግለሰብ ስም ከሆነ ውዝፉ የሚመጣው በእሱ ላይ ነው። የጥበቃው ደመወዝስ? የውኃውንና የጥበቃውን ወጪ ከእናንተና ከክፍለ ከተማው ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን ስምምነቱ ላይ ይጻፍ። የእናንተን ድርሻ ደግሞ ከተሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ የሁለት ዓመቱን ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህ የሕግ ግዴታ ሳይሆን የእኔ ምክር ነው፤ ግን አጥብቄ የምመክረው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ገንዘብ ያዣችሁ ታማኝ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ችግሩ የመታመን አይደለም። እግዚአብሔር ያርቀውና አንድ ነገር ቢደርስባቸው ባንኩ የሚያውቀው የእሳቸውን ስም ብቻ ነው። ገንዘቡ ከውርስ ሀብት ጋር ይደባለቃል። ወራሾች የእድሩ ገንዘብ ነው ብለው በራሳቸው ፈቃድ ካልለቀቁ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። የግል ዕዳ ካለባቸውም አበዳሪ አካውንቱን ሊያሳግድ ይችላል። ለእሳቸውም ቢሆን አደጋ አለው። አንድ አዋጪ “ገንዘቤ የት ደረሰ?” ብሎ ቢከስ፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 በእምነት ማጉደል ተጠርጥረው ሊጠየቁ ይችላሉ። ንፁሕ ሰው በወረቀት ማጣት ብቻ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለስ ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይጥራ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። በእድሩ ስም የተለየ አካውንት ይከፈት፤ ሦስት ሰዎች በጣምራ ፈርመው የሚያንቀሳቅሱት ይሁን። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ይዛወር፤ የዝውውሩ ደረሰኝም ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ከዚህ በኋላ በማንም የግል ቴሌብር የሚገባ መዋጮ አይኑር። የተዋጣው የእድሩ ተቀማጭ ገንዘብ ጭምር ከሆነ ደግሞ የመተዳደሪያ ደንባችሁን ክፈቱ። አብዛኛው እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ደንቡ የልማት ሥራን ካልጠቀሰ፣ ከተቀማጩ ከመነካቱ በፊት ደንቡ ይሻሻል። አንድ አዛውንት “እኔ የከፈልኩት ለቀብሬ ነው” ቢሉ እውነት አላቸው።

ይህ ግን ለጊዜው ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። እድሩ ከራሱ አባላት ሲሰበስብ ችግር የለም። እናንተ ግን ከሰፈር አልፋችሁ ከሱቆች፣ ከነጋዴዎች፣ ከውጭ አገር እየሰበሰባችሁ ነው። ይህ ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። አዋጁ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው፤ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይባላል። ለአንድ ለታወቀ በጎ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚቋቋም ነው። ፈቃዱን የምትጠይቁት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ነው። ዓላማችሁን፣ የአባላቱን ስም፣ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜና ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ባንክ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። መናፈሻው አልቆ የክረምቱ ትምህርት በየዓመቱ የሚቀጥል ከሆነ ግን ኮሚቴ አይበቃም፤ ቋሚ ማኅበር ሆናችሁ ብትመዘገቡ ይሻላል። ያኔ የሕግ ሰውነት ታገኛላችሁ። ውል በስማችሁ ትፈርማላችሁ። የአስተዳደር ወጪያችሁ ከገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ፣ በየዓመቱም ሪፖርት ማቅረብ ይኖርባችኋል።

የነጋዴው ጥያቄ ሁለት ጉዳይ ይዟል። ቡና መሸጫውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ኮሚቴው ያንን ቃል ሊገባ አይችልም። የሌላችሁን መብት ማን ይሰጣል? በሕዝብ ቦታ ላይ የንግድ ቤት እንዲከፈት ሊፈቅድ የሚችለው ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ እሱም በራሱ ሥርዓት። እናንተ ፈርማችሁ ብትሰጧቸው ውሉ አይጸናም፤ ነገ ሱቁ ሲፈርስ የሚከሱት እናንተን ነው። ደግሞም ለንግድ ቦታ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ስጦታ አይደለም፤ ክፍያ ነው። ከዚያ ይልቅ ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆምላቸው። “ገንዘቤ ለልጆች መጫወቻ ብቻ ይዋል” ካሉም ይቻላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግዴታ ያለበትን ስጦታ ያውቃል፤ በጽሑፍ ይሁን እንጂ።

የግብሩ ጉዳይ ከምዝገባው ጋር የተያያዘ ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አንቀጽ 24 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ግን የሚያዘው ስጦታው በሕግ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ነው። ጣሪያውም ግብር ከሚከፈልበት የዓመቱ ገቢ 10 በመቶ ነው። በገንዘብ ያዣችሁ የግል አካውንት ላይ የገባ ብር ለነጋዴው ምንም ግብር አይቀንስላቸውም። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የሒሳብ ባለሙያቸው አሁን የሚሠራበትን ድንጋጌ አይተው ያስሉላቸው። ደመወዝተኞች ግን ይህን አይጠብቁ፤ ከደመወዝ ግብር ላይ ስጦታ አይቀነስም።

ዋሽንግተን ላለው ልጃችሁ ሁለት ነገር ንገሩልኝ። ዶላሩ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ገንዘብ አስተላላፊ በኩል ይምጣ። በጥቁር ገበያ ጥቂት ብር ይጨምር ይሆናል፤ ግን ሕገወጥ ነው፤ በኋላም ሒሳብ ስታቀርቡ የገንዘቡን ምንጭ ማሳየት አትችሉም። ሁለተኛ፣ ጓደኞቹን “ከታክስ ይቀነስላችኋል” ብሎ እንዳይነግራቸው። በአሜሪካ ሕግ ያንን ጥቅም የሚያስገኘው እዚያው አገር ለተመዘገበና ብቁ ለሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ነው። በቀጥታ እዚህ ላለ እድር የተላከ አይቆጠርም። እዚያ የተመዘገበ የማኅበረሰብ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ፣ አጠቃቀሙን እየተከታተለ ቢልክላችሁ መንገዱ ይቃናል።

ሱቆቹን ማስጠራት? እባካችሁ ተዉት። መዋጮ በፈቃድ ነው፤ ተገዶ የተሰጠ ገንዘብ ስጦታ አይባልም። በማስፈራራት የተገኘ ፈቃድ ውልን እንደሚያፈርስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1706 ይናገራል። ግብርና ታክስ የሚጣለው ደግሞ በሕግ ብቻ ነው፤ በኮሚቴ ውሳኔ አይደለም። ይባስ ብሎ የወረዳ ሠራተኛ “ካላዋጣህ ፈቃድህ አይታደስም” ቢል እሱም በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል፣ የእናንተም ስም አብሮ ይጠፋል። ባለሱቁ ዛሬ ያላዋጣው ሥራ ቀዝቅዞበት ሊሆን ይችላል። የእሱ ልጆች ልጅነት ግን ከሌሎቹ የሰፈሩ ልጆች እኩል ነው።

ቃል ስለተገባ ገንዘብም አንድ ነገር ልበል። በእራት ግብዣ ላይ እጅ ወጥቶ “እኔ መቶ ሺህ” የተባለውን በፍርድ ቤት ማስከፈል ከባድ ነው። ገንዘቡ አካውንት ሳይገባ ሥራ ተቋራጭ አትዋዋሉ።

ለክረምቱ ትምህርት ደግሞ እያንዳንዱን ልጅ በወላጅ ፊርማ መዝግቡ፤ አስተማሪዎቹንም በደንብ አጣሩ። ዥዋዥዌ ተበጥሶ ልጅ ቢጎዳ፣ ጥገናውን ችላ ያለ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሊጠየቅ ይችላል። በጎ ፈቃደኛ መሆን ከኃላፊነት አያድንም። በየወሩ መጫወቻውን የሚፈትሽና ፈርሞ የሚመዘግብ ሰው መድቡ።

የፕላን ማረጋገጫውን ደብዳቤ ስታገኙ ከስምምነቱ ረቂቅ ጋር ይላኩልኝ። ከመፈረማችሁ በፊት ላየው ፈቃደኛ ነኝ።